የሚዛን ጫጩቶች

እህቴን ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ሚዛን» በሚለው ስሟ ነው። ወላጆቻችን ያወጡላትን ስም እኔ ራሴ የማስታውሰው ወረቀት የሚሞላ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ውስጥ ዱቄት ስትመዝን፣ ሽሮፕ ስትለካ፣ ክኒን ስትቆጥር ኖራለች። ሐኪሞቹ የሚያጠራጥር ትእዛዝ ሲያዩ «እስኪ ይህን ሚዛን ትየው» ይሉ ነበር አሉ። እኔ «እቴቴ» ነው የምላት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት ማለት ይቻላል። ቤቷ እስከ ዛሬ የሚተዳደረው በልክ ነው። ጨው እንኳ ድስት ውስጥ የሚገባው በማንኪያ ተሞልቶ፣ ጫፉ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ነው። እንደ እኔ በእፍኝ ዘግኖ የሚጨምር ሰው ኩሽናዋ ከገባ ደም ሥሯ ይገተራል። ጡረታ ስትወጣ ሌላው ሠራተኛ ብርድ ልብስ ተሸልሞ ሲሰናበት፣ እሷ ስትሠራበት የኖረችውን አሮጌ የነሐስ ሚዛን ለምና ወደ ቤቷ ይዛ መጣች።

ባለቤቷን ጋሼ እላቸዋለሁ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ስኳር በሽታ ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በየማለዳው ከቁርስ በፊት ኢንሱሊን ይወስዳሉ፣ የምትወጋቸውም እቴቴ ናት። ሐኪም ያዘዘላቸው መጠን አሥራ ሁለት ዩኒት ነው። በቀጭኗ መርፌ ላይ ቁጥሮቹ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያሉ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ጥቃቅን መስመሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ናቸው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ማለት ከአሥሩ አንድ መስመር አለፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሐኪም ለመምሰል አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች መስመር ላይ ስለሆነ ነው።

የእቴቴ ዓይን መድከም የጀመረው ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ አምፖሉን ወቀሰች። «የዘንድሮ አምፖል ስሙ ነው እንጂ ሻማ ነው» ብላ ትልቅ አስገዛች። ቀጥላ መስኮቱን በጋዜጣ ፈተገች። ቀጥላ መነጽሯን ስትወለውል ዋለች። ጭጋጉ ግን መስታወቱ ላይ አልነበረም። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። መንገድ ላይ ሰላም ሳትለው የምታልፈው ሰው ሲበዛ፣ «እህትሽ ደግሞ ምን ኩራት ጀመራት?» ያሉኝ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እኔም እውነት መስሎኝ «እሷማ ድሮም ትኮራለች» ብዬ ስቄያለሁ።

ፈርታ ነበር። ይህን በኋላ ራሷ ነግራኛለች፤ እኔም የማወራው ከዚያ ነው። ፍርሃቷ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ከተናገርኩ መርፌውን ይቀሙኛል፣ ከዚያ በኋላ ምን ልሆን ነው የሚል። ሁለተኛው፣ ካልተናገርኩ አንድ ቀን በገዛ እጄ ባሌን እገድለዋለሁ የሚል። ሁለተኛው እንደሚከፋ ማንም ያውቃል፣ እሷም ታውቅ ነበር። ግን የመጀመሪያው በየማለዳው አብሯት ይነሣል፤ ሁለተኛው «ምናልባት» የሚል ቃል ከፊቱ ስላለ ለነገ ይተላለፋል። ሰው እንዲህ ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ከዚህ የተሻለ አላደርግም ነበር።

ታዲያ ምን አደረገች? የዓይን ሐኪም ቤት ያለው ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ርቆ ነው። እሷ ግን አሥራ አራት ጫጩት ገዛች።

ካርቶኑን ይዛ ጓሮ ስትገባ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ የእኔ ክፍል ከእነሱ ቤት ጋር አንድ ጓሮ ይጋራል። ካርቶኑ ጎኑ ተበሳስቶ ውስጡ ይንጫጫል። «በዚህ ዕድሜሽ ወላድ ሆንሽ እንዴ?» አልኳት። አልሳቀችም። ምክንያቱን ያኔ ብትነግረኝ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር። ጫጩቶቹ ፈተናዋ ነበሩ። ጫጩት እንደ ሰው አይግደረደርም፤ መኖው ቢጎድል፣ ቫይታሚኑ ቢያልፍ በሳምንት ውስጥ ያሳብቃል። «እነዚህን አሥራ አራት ነፍሶች በእኔ ልኬት አሳድጌ እንቁላል ከጣሉልኝ፣ ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው። አንዱ እንኳ በእኔ ስህተት ከሞተ፣ በዚያው ቀን መርፌውን አስቀምጬ ለባሌ እነግረዋለሁ።» እንዲህ ብላ ማለች። የማለችው ለራሷ ስለሆነ ምስክር አልነበረም።

መኖ የሚሸጥላት ሰውዬ ነገረኛ ቢጤ ነው፤ ሙያውን ግን ያውቃል። «እስኪያድጉ ድረስ ዋናው ምግባቸው የጫጩት መኖ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቅምሻ ነው» አላት። ቅምሻው ከመኖው አሥረኛ እጅ እንዳይበልጥ፤ ቅጠል ከሆነ ደቆ እንዲከተፍ፤ ጥርስ ስለሌላቸው ሆዳቸው ውስጥ የሚፈጭላቸው ደቃቅ አሸዋ አብሮ እንዲቀርብ። «የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ልስጣቸው?» ስትለው፣ «መጣል ሳይጀምሩ? ኩላሊታቸውን ልትጨርሺ ነው!» ብሎ አፏን አዘጋት። እሷ ይህን ሁሉ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይዛ መጣች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ማንም አያምነኝም። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን «መክሰስ!» ትላለች። አዎ፣ ለጫጩት መክሰስ። አንድ ቀን ጥቅል ጎመን እንደ ትንባሆ ቀጥኖ ተከትፎ፣ አንድ ቀን ካሮት ተፍቆ፣ በሳምንት አንዴ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ተፈርፍሮ። አሸዋውን በወንፊት ነፍታ፣ ታጥባ፣ አድርቃ በትንሽ ቆርቆሮ ታስቀምጥላቸዋለች። «እኔ እስካድግ ድረስ መክሰስ ተከትፎልኝ አያውቅም» ብላት፣ «አንቺ ጥርስ አለሽ» አለችኝ። ጫጩቶቹም ድምፅዋን ለምደው ገና በሩን ስትከፍተው እየተንከባለሉ ይመጣሉ። በርከክ ብላ መዳፏን ትዘረጋለች፤ ከመዳፏ ይለቅማሉ። አንድ በአንድ እያነሣች በእጇ ታመዛዝናቸዋለች። «ይቺ ከትናንት ወዲያ ከነበረችበት ከብዳለች» ትላለች፤ በሚዛኑ ሲታይ እውነት ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎመኑን የሚከትፉት ጣቶቿ ነበሩ፣ አሸዋውን የሚለዩት ጣቶቿ፣ ክብደቱን የምታውቀው በመዳፏ። መኖውንም ቫይታሚኑንም ሻጩ በቃሉ የነገራትን ይዛ በለመደችው ማንኪያ ነው የምትሰፍረው። ዓይኗ ምንም ሥራ አልሠራም። ጫጩቶቹ ግን አደጉ፤ ላባ አበቀሉ፣ ክንፍ አወጡ፣ በሁለት ወራቸው ቄብ ለመሆን የሚንጠራሩ ኮረዶች ሆኑ። እሷም በየሳምንቱ «አለፍኩ» ትላለች። ፈተናውን ያወጣችው እሷ፣ ያረመችውም እሷ።

በዚሁ ሰሞን ጋሼ አንድ ነገር ይሆኑ ጀመር። በየቀኑ አይደለም። ረፋዱ ላይ በር ላይ ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው ጋዜጣ ሲያነቡ፣ በድንገት ግንባራቸው በላብ ይጠመቃል፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሲጠሯቸው ሌላ ነገር ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ በስሜ ፋንታ በእናታቸው ስም ጠሩኝ። ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ። «እርጅና ነው» ይላሉ። እቴቴም «እርጅና ነው» ትላለች፤ አባባሏ ግን በሩን ቶሎ ለመዝጋት እንደቸኮለ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ኮታቸውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የከረሜላ ወረቀት አገኘች፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ እፍኝ ሙሉ። ያን ቀን ጓሮው ተናወጠ።

«ስኳር ያለበት ሰው ከረሜላ ይበላል? ልትሞትብኝ ነው?»

«ስሚኝ እንጂ፣ እሱን አፌ ውስጥ ሳደርገው ነው ነፍሴ የምትመለሰው።»

«ነፍስህ የምትወጣው በእሱ ነው! ልጅ ሆነሃል መሰለኝ!»

ከዚያ ወዲህ በየማታው ኪሳቸውን እየፈተሸች ያገኘችውን ትጥላለች። ጋሼ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በከተማ መንገድ የተሽሎከለኩ ሰው ናቸው፤ ከረሜላውን አንዴ ካልሲ ውስጥ፣ አንዴ ጋዜጣ መሀል ይደብቃሉ። እኔ በሁለቱም እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሳቄ ያስፈራኛል።

ከዚያ ሙቀቱ ገባ። የቆርቆሮው ጣሪያ የሚያቃጥል፣ ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩበት ሙቀት። ባለመኖው አዲስ ዱቄት ሰጣት፤ የለመደችው አይደለም፣ የብር መልክ ባለው ከረጢት የታሸገ። «ለሙቀት ጊዜ ነው፤ ቫይታሚንም ጨውም አለበት። ውሃቸው ውስጥ ትበጠብጪዋለሽ። ልኩ ጀርባው ላይ ተጽፏል» ብሏት ወደ ሌላ ገዥ ዞረ። በቃሉ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም።

ቤት ገብታ ከረጢቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ፊደሎቹ ጉንዳን የሰፈረባቸው ይመስል ይርመሰመሳሉ። አቀረበችው፣ አራቀችው። «አንድ ማንኪያ» የሚለው ገባት። ቀጥሎ «ለ» የሚል፣ ከዚያ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ «ሊትር»። ቁጥሩ ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኖ ታያት። አንድ። ከአጠገቡ ሌላ ነገር ይኑር አይኑር እርግጠኛ አልነበረችም። ጋሼ አሥር እርምጃ ርቀው ጋዜጣ እያነበቡ ነው። እኔ በሬ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን እቆርጣለሁ። «እስኪ ይህን አንብቡልኝ» ቢባል የሚያልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን አስነበበች ማለት ወደቀች ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ዱቄት በነሐሱ ሚዛን ላይ አድርጋ፣ ትርፍራፊውን በወረቀት ጫፍ አንሥታ፣ አንድ ሊትር ውሃ ለክታ በጠበጠችው። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ መዝኜ አላውቅም ብላኛለች።

ጫጩቶቹ ተሻምተው ጠጡ። ማጠጫው ባዶ ሲሆን እንደገና በጠበጠች፤ እንደገና ጨረሱ። «ወደዱልኝ!» ብላ ፊቷ በራ። በሁለተኛው ቀን የአራት ሰዓቱን መክሰስ፣ ያን ደቃቅ ጎመን፣ በዚያው ውሃ አረጠበችላቸው። ፍቅር ነው፤ ሌላ ምን ይባላል። እነሱም ይጠጣሉ፣ ይጠጣሉ፤ ኩሳቸው ውሃ ሆኖ ወለሉን አራሰው። «ሙቀቱ ነው» አለች። በሦስተኛው ቀን አንዷ እግሯ አልታዘዝ ብሏት በጎኗ ወድቃ ክንፏን ስታራግብ አገኘቻት። ከሰዓት በኋላ ሞተች።

እቴቴ በጋዜጣ ጠቅልላ ከግንቡ ጥግ ቀበረቻት። ለጋሼ «ጭልፊት ወሰዳት» አለቻቸው። በማግስቱ ሁለተኛዋ ሞተች፤ ለእሷ ድመት ተገኘላት። በሕይወቷ ስትዋሽ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው፤ ልምድ የላትምና አታውቅበትም። «ጓሮው በሽቦ ተሸፍኖ፣ ጭልፊቱ በር አንኳኩቶ ነው የገባው?» ስላት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። መሐላዋን ታስታውስ ነበር። «በሽታ ይሆናል፣ የእኔ ስህተት አይደለም» እያለች ከራሷ ጋር ትከራከር ነበር። እንቅልፍ ካጣች ሦስት ቀኗ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናትም በየማለዳው ጋሼን ወግታለች።

ቅዳሜ ማለዳ ካውያ ልዋስ ብዬ ስወጣ የዶሮ ቤቱ በር ክፍት ነው። እቴቴ እመሬት ላይ ተቀምጣ አንዷን ጫጩት ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ አንገቷ ተልፈስፍሷል። ሁለት ሌሎች ግድግዳው ሥር ተዘርረዋል። የቀሩት ማጠጫውን ከበው ይጠጣሉ።

«እቴቴ፣ ምን ነክቷቸው ነው?»

«እኔ እንጃ። በሽታ ነው። በሽታ መሆን አለበት።»

«ምን ሰጠሻቸው?»

«ያችኑ ቫይታሚን። በልኩ ነው የሰጠኋቸው። በልኩ።»

ከረጢቱ መደርደሪያው ላይ ነበር። አንሥቼ ገለበጥኩት። እኔ ዓይኔ ደህና ነው፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ጥቃቅን ፊደል እንጀራዬ ነው። አንድ ማንኪያ ለ10 ሊትር ውሃ ይላል።

«ስንት ሊትር ውስጥ ነው የጨመርሽው?»

«አንድ።»

«አሥር ነው የሚለው! አሥር! ጨው ነው እኮ ያጠጣሻቸው! ተጠምተው ሲጠጡ፣ ያንኑ ጨው እየጨመርሽላቸው!»

ጮኼ ነው የተናገርኩት። ቁጣዬ ከአፌ ይቀድማል፤ ምላሴን በቆረጠው። እሷ ፊቷ አመድ መሰለ። ለዶሮ ብሎ እንዲህ የሚደነግጥ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና እኔም ፈራሁ። ማጠጫውን ገልብጬ አጥቤ ንጹሕ ውሃ ጥቂት በጥቂቱ አቀረብኩላቸው። ስመለስ ያችን ጫጩት እንደያዘች ነው። ጫጩቷ ሞታለች።

«ሰዓት ስንት ነው?» አለችኝ።

«ለአንድ ሩብ ጉዳይ።»

የጋሼ መርፌ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ተነሥታ እጇን ታጠበች፤ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። «ነይ» አለችኝ። ተከትያት ኩሽና ገባሁ። አዲስ መርፌ አወጣች፣ ብርጭቆ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ቀዳች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን አጥብባ ውሃውን ሳበች። ከዚያ ሰጠችኝ።

«ስንት ይላል?»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንብቢልኝ። አሥራ ሁለት ነው የሳብኩት። እንዳትዋሺኝ።»

መርፌውን አየሁት። ውሃው የቆመው ከሃያው አንድ መስመር አለፍ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ ገባኝ፤ የጎረቤት ሰላምታ፣ አምፖሉ፣ የከረጢቱ ጀርባ። ከቤተሰባችን ውሸት የሚቀናኝ እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አልመጣልኝም።

«ሃያ ሁለት» አልኳት።

ደፍታ እንደገና ሳበች። «አሁንስ?»

«አሥራ ሁለት።»

እንደገና። «አሁንስ?»

«ሃያ ሁለት፣ እቴቴ።»

ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አንዱ ልክ፣ ሁለቱ ስህተት። ሁልጊዜ ስህተት ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር፤ ይህ ግን በየማለዳው የባሏን ነፍስ ይዞ ዕጣ ማውጣት ነው። ዓይኗን፣ ፈተናውን፣ መሐላውን ያኔ ነው የነገረችኝ፤ በሹክሹክታ፣ ቃላቱ እርስ በርስ እየተረጋገጡ። መሀል ላይ ድንገት ቆመች።

«ላቡ» አለች። «ያ ላብ የእኔ ነው። መርፌውን አብዝቼ ስኳሩን ከልክ በታች የማወርደው እኔ ነኝ። ከረሜላው ነው ያቆየልኝ። እኔ ደግሞ ከኪሱ እያወጣሁ እጥልበታለሁ።»

«እኔ ልውጋቸው» አልኩ። ደም ካየሁ እንደምወድቅ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ከጓዳ የጋሼ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ። እቴቴ ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ።

«ለዛሬ ብቻ። አንቺ አንብቢልኝ፣ እሱ እንዳያውቅ። ነገ እነግረዋለሁ።»

እኔ ፈሪዋ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጋሼ ገቡ። «ደግሞ ዛሬ ስብሰባ ነው?» ብለው እየቀለዱ የለመዱት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ጋሼ መርፌ ይፈራሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መርፌውን አይተውት አያውቁም፤ ክንዳቸውን ለእሷ ትተው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ በቃ። «ቶሎ በይ፣ ርቦኛል» አሉ።

እቴቴ ከእውነተኛው ብልቃጥ ሳበች። አሳየችኝ። አልፏል፤ በዓይኔ ቀንሺ አልኳት። ቀነሰች። ልክ ከአሥሩ አንድ መስመር ሲያልፍ ነቀነቅኩ። ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ክንዱ ተዘርግቷል፣ ልኩ ልክ ነው፣ ማንም አያውቅም። በአልኮል የራሰውን ጥጥ ክንዳቸው ላይ አሻሸች። ከዚያ ቆመች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሻል?» አሉ ጋሼ ወደ በሩ እያዩ።

«አላይም» አለች።

«ምኑን?»

«መስመሩን። ዓይኔ አያይም። ዓመት አልፎኛል። ስንት ቀን አብዝቼ እንደወጋሁህ አላውቅም። ላብ የሚያሰምጥህ እርጅና አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ክንዳቸውን ይስባሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ ብሆን እስብ ነበር። አልሳቡም። ቀስ ብለው ፊታቸውን አዞሩና መርፌውን አዩት። ከንፈራቸው ነጣ። በሌላው እጃቸው የማንበቢያ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ።

«አምጪው» አሉ።

መርፌውን በሁለት ጣት፣ እንደሚነክስ ነገር፣ ወደ ብርሃኑ አነሡት። አንድ በአንድ ቆጠሩ። «ይኸው አሥር። ከአሥር አንድ መስመር። ይሄ ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎ፣ ጋሼ» አልኩ። መለሱላት።

«እንደገና ቁጠርልኝ» አለች እቴቴ።

ቆጠሩ።

«አንዴ ደግሞ።»

ሦስተኛ ጊዜ ቆጠሩ። ከዚያ ወጋቻቸው፤ እጇ እንደ ድሮው ነበር፣ ቅልጥፍ ያለ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው መርፌውን አዩት። መርፌው ሲወጣ ቀና ብለው ፊቷን ተመለከቱ።

«ዛሬ ምን ተገኘ? ዓመት ሙሉ ያልነገርሽኝን ዛሬ ምን አናገረሽ?»

«ጫጩቶቹ ሞቱ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው። በተሳሳተ ልክ።»

«ባይሞቱ ኖሮስ?» አሏት።

መዋሸት ትችል ነበር፤ እኔ እንድትዋሽ ፈልጌ ነበር።

«አልነግርህም ነበር» አለች።

ጋሼ እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡ። ቁልፉን ለመቆለፍ ሞከሩ፣ አልገባ አላቸው። እቴቴ ጎንበስ ብላ በዳሰሳ ቆለፈችላቸው።